ለሮው ፎቶዎችዎ የትኛው ፕሮግራም? በራስዎ ፎቶ ፈትነው ይምረጡ

«ላይትሩም ይሻላል ካፕቸር ዋን? ነፃዎቹስ ያዋጣሉ?» ፎቶ አንሺዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። የሚሰጠው መልስም አብዛኛውን ጊዜ መላሹ ራሱ የለመደው ፕሮግራም ስም ነው። በእኔ እምነት ምርጫውን ሁለት ነገሮች ሊወስኑት ይገባል። አንደኛው፣ እርስዎን በሚያስቸግሩ ፎቶዎች ላይ ፕሮግራሙ የሚያሳየው ውጤት ነው። ሁለተኛው፣ ነገ ልተወው ቢሉ የዓመታት ሥራዎን ይዘው መውጣት መቻልዎ ነው። የፕሮግራሙ ዝና፣ በዩቲዩብ ያለው የትምህርት ብዛት፣ ጓደኛዎ የሚሠራበት መሆኑ ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ይምጡ።

መጀመሪያ፦ ሮው ውስጥ ያለውን ይረዱ

የካሜራ ሴንሰር ቀለም አያይም፤ የሚለካው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ቀለም የሚገኘው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ስለተደረገ ነው። የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፈጠረው አደራደር እስከ ዛሬ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ውስጥ አለ፦ ከነጥቦቹ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። ስለዚህ ሮው ፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ የሚያውቀው አንድ ቀለም ብቻ ሲሆን የጎደሉት ሁለቱ ከጎረቤቶቹ ተገምተው ይሞላሉ። ግምቱን የሚሠራው ፕሮግራሙ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ስሌት ስላለው አንድ ሮው ፋይል በሦስት ፕሮግራሞች ሲከፈት ሦስት የተለያዩ ፎቶዎች ይወጡታል።

ጄፔግ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃዎች ሲኖሩት ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 አለው። ልዩነቱ ፎቶውን ሳይነኩት አይታይም፤ የሚታየው ጥላ ውስጥ የቀረን ፊት ሲያወጡ ወይም ከመጠን በላይ የነጣን ልብስ ሲመልሱ ነው። ያነሱትን እንዳለ የሚያስረክቡ ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ለዜና ክፍል የሚልኩ ከሆነ ጄፔግ ይበቃዎታል፤ ለፕሮግራም የሚያወጡትን ገንዘብ ለሌንስ ያድርጉት።

ሁለተኛ፦ መፈተኛ ፎቶዎችዎን ይለዩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው እርምጃ ይህ ነው። የማስታወቂያ ፎቶ ተመርጦና ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ስለሆነ ስለ እርስዎ ሥራ የሚነግርዎ ነገር የለም። ከራስዎ ማኅደር ስድስት ያህል ሮው ፋይሎች ያውጡና በአንድ ፎልደር ለብቻቸው ያስቀምጡ። ያማሩትን ሳይሆን ያታገሉዎትን ይምረጡ።

አገር ቤት ለሚሠራ ፎቶ አንሺ ቀድሞ የምመክረው፣ በቀትር ፀሐይ የተነሳ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ነው። በጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ ቆመው ካነሱ የምለውን ያውቁታል፦ ጠይም ፊት፣ ዙሪያውን የሚያበራ ጥጥ፣ ከላይ ደመና የሌለው የጥር ሰማይ። ለፊቱ ለክተው ካነሱ ነጠላው ይቃጠላል፤ ነጠላውን ለማዳን ብርሃኑን ከቀነሱ ፊቱ ይጨልማል። ፕሮግራሞች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ነጭ ሲቃጠል ሦስቱ ቀለሞች እኩል አይሞሉም፤ በቀን ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ሞልቶ መረጃው የሚጠፋው አረንጓዴው ነው። ቀይና ሰማያዊው ገና መረጃ ስላላቸው ፕሮግራሙ ከእነሱ ተነስቶ የጠፋውን ይገምታል። ግምቱ ሲሠምር የነጠላው እጥፋትና የፈትሉ ክር ተመልሶ ይታያል። ሲስት ግን ትከሻው ላይ ወደ ሮዝ የሚያደላ ጥላ ያርፋል፣ ወይም ጨርቁ ክር የሌለው ነጭ ወረቀት ይመስላል።

ሁለተኛው ፎቶ ያው ነጠላ ወይም ቀሚስ ጥለቱ ጥርት ብሎ እንዲታይ ቀረብ ተብሎ የተነሳ ይሁን። የሽመናው ክር ጥግግት ከሴንሰሩ ነጥቦች ጥግግት ጋር ሲቀራረብ ጨርቁ ላይ የሌለ ባለ ቀለም ሞገድ ይፈጠራል፤ ሞይሬ ይሉታል። የባሕል ልብስ ለሚያነሳ ሰው ይህ ችግር ተራ አይደለም፤ ሸማኔው አስቦ ያወጣውን ቀለም ደንበኛው በፎቶው ላይ ሌላ ሆኖ ካየው የደከሙበት ሥራ ዋጋ ያጣል።

ሦስተኛው በትንሣኤ ሌሊት በጧፍ ብርሃን ወይም በደመራ እሳት ዳር፣ አይኤስኦው 6400 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የተነሳ ይሁን። አራተኛው ከሰርግ አዳራሽ ይምጣ፤ የዲጄው ሰማያዊና ሐምራዊ ኤልኢዲ መብራት የሙሽራዋ ፊት ላይ ያረፈበትን ፈልገው ያውጡ። እንዲህ ያለ ድምቀቱ የበዛ ሰማያዊ አንዳንድ ፕሮግራም ላይ ዝርዝሩን ሁሉ ውጦ ባለ አንድ ቀለም ጠፍጣፋ ነገር ይሆናል። አምስተኛው በሰፊ ሌንስ የተነሳ ሕንፃ ወይም ክፍል ቢሆን የሌንስ ጉብጠት ማቃኛውን ይፈትኑበታል። የመጨረሻው ምንም ችግር የሌለበት፣ የዕለት ሥራዎን የመሰለ ተራ ፎቶ ይሁን። ከሥራዎ አብዛኛው እንደዚህኛው ነውና ፕሮግራሙ እሱን በስንት ደቂቃ ጨርሶ እንደሚለቅዎ ማየት አለብዎት።

ሦስተኛ፦ ካሜራዎና ኮምፒውተርዎ የሚፈቅዱትን ያረጋግጡ

ሮው አንድ ዓይነት ፋይል አይደለም። የካኖን ሲአር2 እና ሲአር3፣ የኒኮን ኤንኢኤፍ፣ የሶኒ ኤአርደብሊው፣ የፉጂፊልም አርኤኤፍ እየተባለ ይሄዳል፤ አዲስ ካሜራ በወጣ ቁጥር ፕሮግራሞቹ የእሱን ፋይል መክፈት እንደገና መማር አለባቸው። ካኖን ሲአር3ን ከኢኦኤስ ኤም50 ጋር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሆን፣ ነፃው ዳርክቴብል ይህን ፋይል መክፈት የጀመረው በ2021 መጨረሻ ነው። ኒኮን በዜድ9 ያስተዋወቀውን ከፍተኛ መጭመቂያ ያለው ሮውም ነፃ ፕሮግራሞች ለረዥም ጊዜ ሊከፍቱት አልቻሉም። ካሜራዎ ይህ ምርጫ ካለው ጥራት በማይቀንሰው መጭመቂያ ላይ ያድርጉት፤ በኋላ የሚመርጡት ፕሮግራም ይበዛልዎታል። ስለዚህ ምንም ከማውረድዎ በፊት የፕሮግራሙን የካሜራ ዝርዝር ይክፈቱና የእርስዎን ሞዴል በስሙ ይፈልጉ። «ካኖን ይከፍታል» መባሉ ብቻ በቂ አይደለም።

ዝርዝሩ ላይ ከሌለ አንድ መላ አለ። አዶቤ በነፃ የሚሰጠው የዲኤንጂ መቀየሪያ አዲሱን ሮው ወደ ዲኤንጂ ይለውጠዋል። ዲኤንጂ አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ያደረገው፣ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሮው ዓይነት ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች፣ የቆዩትም ጭምር፣ ይከፍቱታል። አሮጌ ላይትሩም ያለው ሰው አዲስ ካሜራ ቢገዛ በዚህ መንገድ መሥራት ይችላል። ዋናውን ሮው ግን አይሰርዙ።

የፉጂፊልም ኤክስ ካሜራ ካለዎት ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2012 ከኤክስ ፕሮ1 ጋር ያመጣው ኤክስ ትራንስ የተባለው ሴንሰር የባየርን አደራደር አይከተልም፤ ስሌቱም ይከብዳል። ላይትሩም ላይ ቅጠልና ሣር ጥርት እንዲሉ ሲያደርጉ ትል መሰል ጥምዝምዝ ይወጣል የሚል ስሞታ ለዓመታት ሲሰማ ነበር። በአንፃሩ ሮውቴራፒና ዳርክቴብል ለዚህ ሴንሰር የተሠራ የተለየ ስሌት አላቸው። የኤክስ ባለቤት ከሆኑ ከመፈተኛዎችዎ አንዱ ቅጠል የበዛበት ይሁን።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ 8 ጊጋባይት ራም ያስጀምራል፤ በ16 ግን ሥራው ሳይንቀራፈፍ ይሄዳል። ፕሮግራሙና ካታሎጉ ኤስኤስዲ ላይ ይሁኑ። ኖይዝ የሚያጠፉት አዳዲስ መሣሪያዎች፣ ማለትም የዲክስኦ ዲፕራይምና እ.ኤ.አ. በ2023 ላይትሩም ላይ የመጣው ዲኖይዝ፣ ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከግራፊክስ ካርድ ነው። ደህና ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ አንዱን ፎቶ ለመጨረስ ደቂቃዎች ሊፈጁ ይችላሉ። መቶ የሌሊት ፎቶ ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ሌሊቱን ሙሉ ማደር ነው።

አራተኛ፦ እጩዎችዎን ሦስት ያድርጉ

የመጀመሪያው እጩ የካሜራዎ አምራች በነፃ የሚሰጠው ይሁን። ካኖን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል፣ ኒኮን ኤንኤክስ ስቱዲዮ፣ ሶኒ ኢሜጂንግ ኤጅ አላቸው። ቀርፋፋ ናቸው፣ አደረጃጀታቸውም አይመችም። ቢሆንም የካሜራውን ቀለም ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ካሜራው ጀርባ ላይ ያዩትን ፎቶ እንዳለ ያወጡልዎታል። ባይሠሩባቸውም ማነጻጸሪያ አድርገው ይያዟቸው።

ከቀሩት ውስጥ ሁለት ይምረጡ። ላይትሩም ክላሲክ ብዙ ፎቶ ለሚያጣራ፣ ለሚያደራጅና በፍጥነት ለሚያስረክብ ሰው ይመቻል። መማሪያውም፣ ፕሪሴቱም፣ የሚያውቅ ጓደኛም በቅርብ ይገኛል። መቀመጫው ኮፐንሃገን የሆነው ካፕቸር ዋን ካሜራውን በገመድ አያይዞ ስቱዲዮ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የተመቸ ነው፤ የቆዳ ቀለምን አንድ ወጥ የሚያደርግ መሣሪያው ከተፎካካሪዎቹ የሚለየው ይመስለኛል። የፈረንሳዩ ዲክስኦ ፎቶላብ እያንዳንዱን ሌንስ ከእያንዳንዱ ካሜራ ጋር በቤተ ሙከራ ለክቶ ያዘጋጀውን ማስተካከያ ይዞ ይመጣል፤ በጨለማ ለሚያነሳ ሰው በእጩነት መያዝ አለበት።

ሁለቱ ነፃዎች ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የወጣ ሲሆን ዊንዶውስ ላይ በይፋ የመጣው በ2017 መጨረሻ ነው፤ ሁለተኛውን የሃንጋሪው ጋቦር ሆርቫት ጀምሮት በ2010 ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ሁለቱም ክፍያም ምዝገባም አይጠይቁም፣ ከተጫኑ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ዳርክቴብል በመጀመሪያው ቀን ተስፋ ያስቆርጣል፦ ፎቶው ሲከፈት ደብዛዛ ይመስላል፣ የሞጁሉም ብዛት ያደናግራል። ታግሶ የብርሃን መጠን (ኤክስፖዠር)፣ ዋይት ባላንስ፣ የቃና መቆጣጠሪያና ማስክ የተባሉትን አራቱን ብቻ ለተማረ ሰው ግን ከሚከፈልባቸው የማያንስ ሥራ ይሠራል። ሮውቴራፒ ጥቃቅን ዝርዝር በማውጣት ጠንካራ ነው፤ ፎቶ ለማደራጀት ግን የሚረዳዎት ጥቂት ነው።

አምስተኛ፦ ፈተናውን ያካሂዱ

የሙከራ ጊዜያቸው ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ስለሆነ ፎቶዎችዎን አዘጋጅተው ሳይጨርሱ አያስጀምሩት። አንዳንዶቹ ለሙከራም ካርድ ይጠይቃሉ፤ በጊዜው ካልሰረዙ ክፍያ ይጀምራል። የስክሪንዎን ብርሃንም አስቀድመው ልክ ያድርጉት። እስከ ጣሪያው ከፍ አድርገው የሚሠሩ ከሆነ ፎቶዎን ከሚገባው በላይ ያጨልማሉ፣ ሲታተምም ጠቁሮ ይወጣል።

ከዚያ አንዱን ፎቶ በሦስቱም ፕሮግራሞች ይክፈቱ። አውቶ የሚለውን አይንኩ። መጀመሪያ ዋይት ባላንሱን በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ነጥብ ጠቅ አድርገው ያስተካክሉ፤ የነጠላው ያልተቃጠለ ነጭ ለዚህ ጥሩ ነው። ላይትሩም ከሆነ ፕሮፋይል የሚለውን ሳያዩ በቀለሙ አይፍረዱ። ሲከፈት የአዶቤን ቀለም ይዞ ነው፤ ከዚያው ዝርዝር የካሜራውን መደበኛ ወይም የፖርትሬት ፕሮፋይል ሲመርጡ ፊቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። «ላይትሩም የካኖንን ቀለም ያበላሻል» የሚሉ ብዙዎች ይህችን ቁልፍ ነክተዋት አያውቁም።

ቀጥሎ ፊቱን ይመልከቱ። ጥላውን ከፍ ሲያደርጉ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ምን ይሆናል? ጥሩ ፕሮግራም ሙቀቱን ጠብቆ ያበራዋል፤ ጉንጩ ላይ ያለው ቀይማ ቡናማ አብሮ ይወጣል። ደካማው ግን ብርሃኑን ይጨምርና ቀለሙን ይተወዋል፣ ፊቱም አመድ የነፋበት ይመስላል። ይህን በዋዛ አይለፉት። ሙሽራዋ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አልበሟን ስትገልጥ ራሷን በራሷ መልክ የማየት መብት አላት፤ ለእኔ ከየትኛውም የፍጥነት ውድድር ይህ ይበልጣል። አውቶ የሚለው ቁልፍም ብዙ ጊዜ እዚህ ይስታል፤ ፎቶውን መካከለኛ ብርሃን ላይ ለማድረስ ሲል ጠቆር ያለውን ሰው ያለ ልኩ ያነጣዋል።

አሁን 100 በመቶ አጉልተው ክሩን ይዩ። ጥለቱ ውስጥ ባለ ቀለም ሞገድ አለ? የቅንድብ ፀጉር ይለያል ወይስ ተጨፍልቋል? የጧፉ ፎቶ ላይ ኖይዙን ሲያጠፉ ቆዳው ላስቲክ የመሰለ እንደሆነ ልኩን አልፈዋል፤ ትንሽ ቅንጣት ይቅር። ከዚያ ወደ ሙሉው ፎቶ ይመለሱ፤ ደንበኛዎ ፎቶውን የሚያየው በዚያ መጠን ነውና።

ሲጨርሱ ሁሉንም በአንድ መጠን፣ ኤስአርጂቢ በሚለው የቀለም ክልል፣ በጄፔግ ያውጡ። የፋይሎቹን ስም ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው ይቀይሩና የትኛው ከየትኛው ፕሮግራም እንደወጣ ለማያውቅ ሰው ያሳዩ። ፎቶ አንሺ ባይሆን ይመረጣል። ገንዘብ የከፈሉበትን ወይም የለመዱትን የማስበለጥ ዝንባሌ ሁላችንም ዘንድ ስላለ ያለዚህ ፈተናው ሙሉ አይሆንም።

ስድስተኛ፦ መውጫውን ይመርምሩ

አፕል አፐርቸር የተባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2005 አውጥቶ በ2014 ማቆሙን አስታወቀ፤ ከ2019 ጀምሮ በወጡት የማክ ሲስተሞች ላይ ጭራሽ አይከፈትም። ዓመታት ሙሉ በእሱ የሠሩ ባለሙያዎች ሮዋቸው በእጃቸው ቢቀርም ማስተካከያውን አንድ በአንድ እንደገና መሥራት ነበረባቸው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ እነዚህ ፕሮግራሞች ሮውን አይነኩም። ያደረጉት ሁሉ «ብርሃን ይህን ያህል ጨምር፣ እዚህ ቁረጥ» የሚል ትእዛዝ ሆኖ ለብቻው ይጻፋል፤ ያንን ትእዛዝ በትክክል የሚያነበው ደግሞ የጻፈው ፕሮግራም ብቻ ነው።

ስለዚህ ትእዛዙ የት እንደሚጻፍ ይጠይቁ። ዳርክቴብል ከእያንዳንዱ ፎቶ ጎን ኤክስኤምፒ የተባለ ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፤ ሮውቴራፒ ፒፒ3፣ ፎቶላብ ዶፕ የሚባል አላቸው። ፎልደሩን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ሲገለብጡ ሥራዎ አብሮ ይሄዳል። ላይትሩም ክላሲክ ግን ሁሉንም አንድ ካታሎግ ውስጥ ያከማቻል። ካታሎግ ለፍለጋ ድንቅ ነው፤ መብራት ድንገት በሚጠፋበት ቤት በዴስክቶፕ የሚሠራ ሰው ግን ዩፒኤስና የካታሎግ ቅጂ የግድ ያስፈልገዋል። ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ለውጡን ወደ ኤክስኤምፒም በራሱ እንዲጽፍ ያድርጉ። ይህ ኮሌክሽኖችንና ቨርቹዋል ቅጂዎችን አይጨምርም፤ ኮከብ፣ ቁልፍ ቃልና መግለጫ ግን ሌሎች ፕሮግራሞችም ሊያነቧቸው ይችላሉ።

ዋና የሚሏቸውን ፎቶዎች በ16 ቢት ቲፍ አውጥተው ያስቀምጡ። ፋይሉ ትልቅ ነው። ነገር ግን የትኛውም ፕሮግራም ቢጠፋ የጨረሱት ሥራ እንዳለ ይከፈታል።

ሰባተኛ፦ ክፍያውን ከካርድዎ ጋር ያስታርቁ

አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ላይትሩም 6 በኋላ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያዝ ስሪት አላወጣም፤ ያለው ምዝገባ ነው። ዲክስኦ አንድ ጊዜ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሸጣል፣ ካፕቸር ዋንም ከምዝገባው ጎን ለዓመታት ሲሸጥ ቆይቷል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ለሚሠራ ሰው በየወሩ በዶላር መክፈል ቀላል ስላልሆነ ብዙዎች ውጭ ባለ ወንድም ወይም እኅት ካርድ ይከፍላሉ። ይህን ካደረጉ ካርዱ የሚታደስበትን ቀን ይወቁ። የላይትሩም ክላሲክ ክፍያ ሲቋረጥ ፎቶዎችዎን ማየትና ማውጣት ይችላሉ፤ ማስተካከያው ክፍል ግን ይዘጋል። ሰርግ ተነስቶ ርክክብ በቀረበበት ሳምንት ይህ እንዲሆን አይፈልጉም። አንድ ጊዜ የሚከፈለው መጀመሪያ ውድ ቢመስልም ዘመድ ሲመጣ አንዴ ተልኮ ያልቃል።

ክራክ የተደረገ ፕሮግራም አልመክርም። የሰው ድካም መውሰድ ከመሆኑም በላይ ቫይረስ ተሸክሞ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዓይነት ከገባ የደንበኞችዎን ፎቶ ሁሉ ያጣሉ። ስለማይታደስም ካሜራ የቀየሩ ዕለት አዲሱን ሮው አይከፍትልዎትም። ገንዘብ ከሌለ ዳርክቴብል ወይም ሮውቴራፒ አለ፤ ሁለቱም ያለ ስጋት ይጫናሉ።

ከመረጡ በኋላ

የቆየ ማኅደርዎን በሙሉ ወደ አዲሱ ፕሮግራም ለማዛወር አይሞክሩ። ሳምንታት ይበላል፣ ውጤቱም አንድ አይሆንም። ከሚቀጥለው ሥራ ይጀምሩ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር ያስተካክሉ፦ የመነሻውን የካሜራ ፕሮፋይል፣ የማስተካከያ ትእዛዙ የሚጻፍበትን ቦታ፣ የመጠባበቂያ ቅጂው የሚሄድበትን ሁለተኛ ዲስክ። ፕሪሴት መግዛቱ ይቆይ፤ የገዙት ፕሪሴት ሌላ ካሜራና ሌላ ቆዳ ላይ የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ የነጠላው ፎቶ ላይ ሲያሳርፉት ይታወቃል። ያስቸገሩዎት ስድስት ፎቶዎች የተስተካከሉበትን ልክ በራስዎ ፕሪሴት ያስቀምጡ። የቀድሞውን ፕሮግራም ደግሞ አንድ ሙሉ ሥራ፣ ከማጣራት እስከ አልበም ኅትመት፣ በአዲሱ ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ከኮምፒውተርዎ አያጥፉት።